የእርጅና ሒሳብ

ባለፈው ዓመት ለጥቂት ወራት የአክስቴን የወር ወጪ አብሬያቸው እመዘግብ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ብሆንም፣ የቱ ወጪ በየትኛው ገጽ እንደሚገባ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ደብተሩን ለሁለት ከፍለውታል፤ በግራው ገጽ «የማይቆይ» የሚሉት፣ ለነገ የማይባል ወጪ ይሰፍራል፣ በቀኙ ደግሞ «የሚቆይ» የሚሉት፣ ሊዘገይ የሚችለው። ምግብ፣ መብራትና ውኃ አይቆዩም። መነጽር፣ የጥርስ ሕክምና፣ የሚያፈሰው ጣሪያና አዲስ ጫማ ይቆያሉ። በሦስተኛው ወር የደም ግፊት መድኃኒታቸው ከግራው ገጽ ወደ ቀኙ መሻገሩን አየሁ። ምነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ክኒኑን አንድ ቀን እየዋጡ አንድ ቀን እየዘለሉ የአንዱን ወር ለሁለት ወር እንደሚያዳርሱት ነገሩኝ። «ባልውጠውም እኮ አያመኝም» አሉ።

ይህች ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ገንዘብ ያጠረው አረጋዊ አስቀድሞ የሚቀንሰው፣ ሲቀር ወዲያው የማያሳምመውን ነገር ነው። ረሃብ በዚያው ቀን ይሰማል፤ የተቆረጠ መብራትም በዚያው ምሽት ይታወቃል። ያልተዋጠ የግፊት ክኒን ግን ለወራት ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና አንድ ቀን ስትሮክ ይዞ ይመጣል። ያልተገዛ መነጽር ደረጃ ላይ ያደናቅፋል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የዳሌ አጥንት መሰበር ማለት ብዙ ጊዜ ከአልጋ አለመነሣት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 65 ከሞላ ሰዎች መካከል በየዓመቱ ቢያንስ ከአራቱ አንዱ ይወድቃል። በቀኙ ገጽ እየተጠራቀመ ያለው ወጪ የሚከፈለው ኋላ በሆስፒታል ነው፣ ያውም ብዙ እጥፍ ሆኖ።

ስለ ድህነት በአኃዝ ማጥናት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሲቦህም ራውንትሪ ነው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1899 ዮርክ በተባለችው ከተማ የሠራተኛ ቤተሰቦችን ኑሮ ቤት ለቤት አስጠንቶ ውጤቱን በ1901 ሲያሳትም፣ የአንድ የጉልበት ሠራተኛ ሕይወት በችግርና በመጠነኛ ምቾት መካከል እየተመላለሰ እንደሚያልቅ አሳየ። ሰውየው በልጅነቱ ይቸገራል፤ ሠርቶ ማግኘት ሲጀምር ቀና ይላል፤ ልጆች ሲወልድ ተመልሶ ይወድቃል፤ ልጆቹ ደርሰው ሲያግዙት ያገግማል፤ በመጨረሻም ጉልበቱ ሲከዳው ዳግም ይደኸያል። ከሦስቱ የችግር ዘመናት ሁለቱ ከፊታቸው የተሻለ ዘመን አለላቸው፤ ሦስተኛው የለውም። ሥራ ያጣ ወጣት ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ ሙያ ይለውጣል፣ አገር ይቀይራል። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴት ግን ዛሬ የጎደለባቸውን ነገ ሠርተው የሚሞሉበት መንገድ የላቸውም። እንግዲህ ለአረጋዊ የሚሰጥ ድጋፍ ክፉ ቀን እስኪያልፍ ድረስ በሚሰጥ እርዳታ ልክ ሊሰፋ አይችልም፤ የሚመጣበት ቀን የታወቀ፣ የማይቋረጥ፣ ከዋጋ ጋር አብሮ የሚያድግ መሆን አለበት።

አረጋዊ ብዙ ወጪ የለበትም የሚል ግምት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ትንሽ ይበላሉ፣ ከቤት አይወጡም፣ አዲስ ልብስ አያምራቸውም ይባላል። ይህ ግምት በመንግሥት ቀመር ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረችው ሞሊ ኦርሻንስኪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የድህነትን መስመር ስታሰላ፣ የአንድን ቤተሰብ አነስተኛ የምግብ ወጪ ይዛ በሦስት ማባዛትን መነሻ አደረገች። አረጋውያን የሚበሉት ያነሰ ነው ተብሎ ስለተወሰደም፣ 65 ዓመት የሞላው ሰው የድህነት መስመር ከወጣቱ ዝቅ ብሎ ተሰመረ። ለብቻው የሚኖር አረጋዊ መስመር በዚያ አገር ይፋዊ መለኪያ ዛሬም ከወጣቱ በ8 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በአንድ ዓይነት ገቢ ወጣቱ ድኻ ተብሎ ሲመዘገብ አዛውንቱ ላይመዘገቡ ይችላሉ ማለት ነው። ከ2011 ጀምሮ ጎን ለጎን በሚወጣው ሌላ መለኪያ ከኪስ የሚከፈል የሕክምና ወጪ ተቀንሶ ሲታይ፣ የአረጋውያኑ ድህነት ከይፋዊው ቁጥር ከፍ ብሎ ይገኛል።

በአክስቴ ደብተር ያየሁትም ይህንኑ ነው። ድሮ በገዛ ጉልበታቸው ይሠሩት የነበረው ነገር ሁሉ በየተራ ወደ ገንዘብ ተለውጧል። በእግራቸው ይሄዱበት ወደነበረው ቦታ አሁን ተሳፍረው ነው የሚሄዱት። ራሳቸው ይሸከሙት የነበረውን ዕቃ ለሚሸከም ልጅ ይከፍላሉ። አምፖል ለመቀየር፣ የተዘጋ ቧንቧ ለማስከፈት፣ ከባድ ብርድ ልብስ ለማጠብ፣ የእግር ጥፍር ለማስቆረጥ እንኳ ሰው መጥራት ያስፈልጋል፤ የተጠራ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይሸኝም። በጅምላ ገዝቶ ማትረፍም ቀርቷል፤ ተሸክመው ማምጣት ስለማይችሉ በየዕለቱ በትንሽ በትንሹ ይገዛሉ፣ በትንሹ የሚገዛ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይወደዳል። በእርግጥ ጥቂት ይበላሉ። ከጥቂቱ ላይ የሚቆረጠው ግን ማኘኪያ ጥርስ ስለጠፋ የተተወ ምግብ ነውና ይህን ቁጠባ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ስለ ቤት አንድ ነገር ብቻ ልበል። የራሱ ቤት ያለው አረጋዊ ድኻ አይደለም የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። ቤት ግን አይበላም፤ ሊሸጡት ቢሉ መግቢያ ያጣሉ፣ ሊይዙት ቢሉ ያረጃልና እድሳት ይጠይቃል። ኪራይ ከመክፈል እንደሚያድን አልክድም፤ የሌላቸው አረጋውያን ችግር በእጥፍ የከበደ ነው።

ወደ ገቢው ስንመጣ፣ የቋንቋችንን ቃል ልብ ማለት ተገቢ ይመስለኛል። ጡረታ የሚለው ቃል የወጣው መጦር ከሚለው ግስ ነው። የሚናገረው ከሥራ ስለ መሰናበት ሳይሆን በሌላ ሰው ስለ መደገፍ ነው፤ ሲሰናበቱ ይጦራሉ የሚል ተስፋ በቃሉ ውስጥ አለ። ተስፋው የሚደርሰው ግን በአብዛኛው በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ለነበረ ሰው ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከሚሠሩ ሰዎች ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም 2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች መዋጮ የቆረጠላቸው አሠሪ የለም። የጡረታ ዕድሜ ላይ ከደረሱት የዓለም ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ የሆነ ዓይነት ጡረታ ሲያገኙ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከአራቱ አንዱ እንኳ አያገኝም።

ሴቶች ላይ ነገሩ ይብሳል። ልጅ ሲያሳድጉ፣ የታመመ ሲያስታምሙ፣ የባላቸውን ወላጆች ሲጦሩ ያለፈው ዘመን በብዙ አገር መዝገብ እንደ አገልግሎት ዘመን አይቆጠርም። ሲሠሩም ደመወዛቸው አነስ ያለ ነበር። ዕድሜያቸው ግን ከወንዶቹ ይረዝማልና አነስተኛውን ገቢ ለረዘመ ጊዜ ያብቃቁታል፣ አብዛኛውንም ጊዜ ባል ከሞተ በኋላ ለብቻቸው። አክስቴ ሌላ ሰው ሲጦሩ ኖረው የሚጦራቸው ሲፈለግ የአገልግሎት ዘመናቸው ባዶ ሆኖ ከተገኘባቸው ሴቶች አንዷ ናቸው። አሁን የሚያገኙት ለአቅመ ደካሞች የሚሰጠውን አነስተኛ ድጎማና የባላቸውን ጡረታ ድርሻ ነው።

ጡረታ ያለውም ሰው ቢሆን የተቆረጠለት ገንዘብ ከዋጋ ጋር ካልተስተካከለ በዓይኑ እያየ ይሟሟበታል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዋጋ በዓመት በ10 በመቶ እየጨመረ ከሄደ፣ ያልተነካካ ጡረታ ከሰባት ዓመት ትንሽ አለፍ ሲል የመግዛት አቅሙ በግማሽ ይወርዳል። ጭማሪው 5 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ በ14 ዓመት እዚያው ይደርሳል። በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ 75ኛ ዓመቱን ላከበረ ሰው ይህ የሩቅ ስሌት አይደለም። አንዳንድ አገሮች ጡረታውን ከዋጋ ወይም ከደመወዝ ዕድገት ጋር በሕግ አስተሳስረው በየዓመቱ ያስተካክሉታል። ሌሎቹ መንግሥት ሲያስታውስ ይጨምራሉ። ሁለተኛው መንገድ ለአንድ አረጋዊ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የሦስት ተከታታይ ዓመታት ደብተር ማየት ይበቃል።

መንግሥት ለአረጋውያን ገንዘብ መክፈል አለበት የሚለው ሐሳብ ያን ያህል ያረጀ አይደለም። ጀርመን በቢስማርክ ዘመን፣ በ1889፣ ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት የሚያዋጡበትን የእርጅና መድን በሕግ አቋቋመች፤ ዕድሜው 70 ነበር፣ በ1916 ወደ 65 ወረደ። እንግሊዝ በ1908 ባወጣችው ሕግ ሌላ መንገድ መረጠች፤ ምንም ላላዋጡ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና 70 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ መክፈል። ክፍያው በጥር 1909 ሲጀመር የሚከፈለው በፖስታ ቤት በኩል ነበር። ይህ ዝርዝር ትንሽ ይምሰል እንጂ ከዋናው ጉዳይ የሚያንስ አይመስለኝም፤ እስከዚያ ድረስ የድኻ እርዳታ ይሰጥ የነበረው ሰው በሚሸማቀቅበት የድኾች ሕግ መሥሪያ ቤት ነበር፣ ፖስታ ቤት ግን ማንም ሰው ለማንኛውም ጉዳይ የሚገባበት ቦታ ነው።

በዚያው ሕግ አየርላንድ ውስጥ የደረሰው ነገር ግን ዛሬም ያለውን ችግር ያሳያል። በአየርላንድ አጠቃላይ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1864 ስለሆነ፣ ሰባ ዓመት ሞልቶኛል የሚሉት ሰዎች የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። መፍትሔ ሆኖ ከተገኙት መንገዶች አንዱ ትዝታ ነበር። በጥር 1839 ደሴቲቱን የመታ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ነበረና፣ ያንን ሌሊት አስታውሳለሁ የሚል ሰው ሰባን ማለፉ አያጠራጥርም በሚል ጠያቂዎቹ ስለ ነፋሱ ይጠይቁ ጀመር። ነፋሱን የሚያስታውሱ ሰዎች ቁጥርም ከተጠበቀው በላይ መብዛቱ ይነገራል። ታሪኩ ያስቃል፤ ሆኖም መኖርን በወረቀት የማስረዳት ግዴታ ወረቀት ባልነበረበት ዘመን በተወለደ ሰው ላይ መጣሉ ዛሬም አልቀረም።

ለአክስቴ ወረቀቱ ነበራቸው። ያልነበራቸው የጣት አሻራ ነው። ድጎማ የሚያገኙ ሰዎች በየዓመቱ በአካል ቀርበው በሕይወት መኖራቸውን ማረጋገጥ አለባቸውና አንድ ቀን ይዣቸው ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ መሣሪያው አሻራቸውን አላነብ አለ። አውራ ጣታቸውን ጠረጉ፣ ሌላኛውን ሞከሩ፣ አሥሩንም አዳረሱ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያጥብ፣ ሲፈትግና ሲሸከም የኖረ እጅ መስመሩ ይጠፋል፤ ይህ የታወቀ ነገር ነው፣ በየአገሩም በአሻራ የሚሠሩ የድጎማ ሥርዓቶች የሚሰናከሉበት ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም። ሲስተሙ ካልተቀበለ ምንም ማድረግ እንደማይችል በትሕትና ነገረንና በሌላ ቀን እንድንመለስ አለን። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ክፍያው ሁለት ወር ዘገየ። ክኒኑ ወደ ቀኙ ገጽ የተሻገረው በዚያን ጊዜ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ስለ አረጋውያን ድጋፍ ከምለው ሁሉ አጥብቄ የምይዘው ይህን ነው፤ ድጋፉን ለማግኘት የሚጠየቁት፣ ስለሌላቸው ድጋፍ ያስፈለጋቸውን ያንኑ ነገር ነው። ለመቆም ጉልበት፣ ለማንበብ ዓይን፣ ጥሪውን ለመስማት ጆሮ፣ ቀጠሮ ለማስታወስ አእምሮ፣ ለመመላለሻ ገንዘብ። አሁን በዚህ ላይ ስልክ ተጨምሯል፤ የይለፍ ቃሉ፣ በመልእክት የሚላከው ቁጥርና በሁለት ደቂቃ የሚዘጋው ገጽ ሌላ ሰልፍ ሆነዋል። ውጤቱ በሀብታም አገሮችም ይታያል። በእንግሊዝ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጡረተኞች የሚሰጠውን ማሟያ ከሚገባቸው ሰዎች መካከል ለብዙ ዓመታት ሲሶ ያህሉ ሳይወስዱት ኖረዋል። አንዳንዱ አያውቅም፣ አንዳንዱ ቅጹ ያስፈራዋል፣ ብዙው ደግሞ ያፍራል። የሰው ፊት እሳት ነው የምንለው ባንኮኒ ላይም ይሠራል።

ድኻ መሆንን አረጋግጡ የሚለው ምርመራ ራሱ ሌላ ጉዳት አለው። በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ተጨማሪ ድጎማ፣ ያላገባ ሰው ከ2,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር በላይ ጥሪት እንዳይኖራቸው ይከለክላል፤ ይህ ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ አልተነሣም። የገንዘቡ ዋጋ በነዚያ ዓመታት ምን ያህል እንደወረደ ለሚያስብ ሰው፣ ሕጉ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥን አረጋዊ እየቀጣ መሆኑ ግልጽ ነው። በሌላ በኩል ሌሶቶ በ2004፣ ሀብታም አገር ሳትሆን፣ ሌላ የመንግሥት ጡረታ ለሌላቸው 70 ዓመት ለሞላቸው ዜጎቿ ገቢያቸውን ሳትመረምር ጡረታ መክፈል ጀመረች። ቦሊቪያም በ2008 60 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ተመሳሳይ ሥርዓት ዘረጋች። ለሀብታሙም ይከፈላል እንዴ የሚል ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከሀብታሙ በግብር ማስመለስ ይቻላል፣ ከሰልፍ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው የተመለሱትን አሮጊት መመለስ ግን አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡ በጊዜው ቢደርስም ሁሉን አይሞላም። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝ ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 ባሳተመው መለኪያ አንድ ሰው ራሱን ችሏል ለመባል የሚታዩ ስድስት ነገሮችን ለይቷል፤ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። መለኪያው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከስድስቱ ሁለቱ ሲጎድሉ አጠገብ ሰው ያስፈልጋል፣ ሰው ደግሞ ወይ ይከፈለዋል ወይ ከራሱ ሥራ ይቀራል። ከሥራ የምትቀረው በአብዛኛው ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት፤ የእርሷም የአገልግሎት ዘመን እዚያ ላይ ይቆረጣል፣ የራሷ የእርጅና ድህነትም በዚያው ይጀመራል። ጀርመን በ1995፣ ጃፓን በ2000 ለዚህ ብቻ የሚውል የእንክብካቤ መድን ያቋቋሙት ሸክሙ ከቤተሰብ አቅም በላይ መሆኑን ስላዩ ነው። በጃፓን መዋጮው የሚጀመረው በ40 ዓመት ዕድሜ ነው፤ ሰው የወላጆቹን እርጅና በቅርብ የሚያይበት ጊዜ ስለሆነ የተመረጠው ዕድሜ ብልህነት አለው።

አረጋውያንን ተቀባይ ብቻ አድርጎ ማየትም ስሕተት ነው። የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎ የደቡብ አፍሪካን የእርጅና ጡረታ ስታጠና፣ ጡረታው ለአያት ሴት በሚከፈልበት ቤት የሚያድጉ ሴት ልጆች አካላዊ ዕድገት መሻሻሉን አግኝታለች። ገንዘቡ የተከፈለው ለአንዲት አሮጊት ነው፤ የበላችው የልጅ ልጅ ናት። በብዙ ቤት ወላጆች በሞት ወይም በስደት ሲለዩ ልጆቹን ሰብስበው የሚያሳድጉት አያቶች ናቸውና፣ ከእነርሱ የተቆረጠው ድጎማ ከማን ሳህን ላይ እንደሚጎድል መገመት አያዳግትም።

የአክስቴ መድኃኒት ወደ ግራው ገጽ ተመልሷል። ሐኪሙ በርካሽ አቻው ተካላቸው፣ እኛም ልዩነቱን ተካፈልን። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ባለፈው ወር ደብተሩን ስንዘጋ፣ ገቢያቸው ትንሽ ቢጨምር ከቀኙ ገጽ የቱን አስቀድመው እንደሚያሻግሩ ጠየቅኋቸው። ጣሪያውን ወይም መነጽሩን ይሉኛል ብዬ ነበር። ጥቂት አሰቡና፣ ሊጠይቃቸው የሚመጣ ሰው ልጅ ይዞ ሲመጣ በልጁ እጅ ላይ የሚያኖሩት ነገር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ባዶ እጃቸውን ላለማሳየት ብለው ሰው እንዳይመጣባቸው ማመካኘት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ይህ ወጪ በደብተሩ ውስጥ በየትኛውም ገጽ አልተጻፈም ነበር። የት ላስገባው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሳያመነቱ በግራው አሉኝ።